ሐተታ በእንተ ቪ8

የሰው ልጅ ኃጢአት የሚሠራው በሦስት መንገድ፣ ይኸውም በኀልዮ፣ በነቢብና በገቢር መሆኑን አበው ሊቃውንት አምልተውና አስፍተው አስተምረዋል፤ ነገር ግን በዚያ ዘመን አራቱም ጎማዎቹ በሞተር ኃይል የሚሽከረከሩ፣ ዋጋው ከብዙ አባወራ የዕድሜ ልክ ገቢ የሚበልጥ፣ ለዱርና ለገደል ተሠርቶ ከቦሌ እስከ ሳር ቤት ባለው አስፋልት ላይ የሚመላለስ ሠረገላ ገና ስላልተገኘ፣ ይኸው ክፍል ለመኪና ግዢም እንደሚያገለግል ሳያመለክቱ አልፈዋል። ይህን ጉድለት ለመሙላት ስንነሣ ሥራችን ምርመራ እንጂ ፍርድ አለመሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን፤ ጸሐፊውም እግረኛ ስለ ሆነ፣ በክረምት ከሚረጭበት ጭቃ በቀር፣ ከነገሩ የሚደርሰው ጥቅምም ጉዳትም የለም።

የነገሩን ጥንት ስንመረምር፣ ዛሬ በአዲስ አበባ የሹመትና የሀብት ምልክት ሆኖ የሚታየው የመኪና ዘር ሁሉ ከእርሻ ማሳና ከጦር ሰፈር የተገኘ መሆኑን እንረዳለን። ላንድ ሮቨር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1948 ዓ.ም. በአምስተርዳም ትርኢት ላይ ሲቀርብ የታሰበው ለገበሬ ነበረ፤ ከጦርነቱ በኋላ በእንግሊዝ ሀገር ብረት እንደ ልብ ስለማይገኝም አካሉን ከአሉሚኒየም አበጁለት። ላንድ ክሩዘር ደግሞ በዚሁ አቆጣጠር በ1951 ዓ.ም. ቶዮታ ቢ ጄ በሚል ስም ተሠርቶ፣ ኢቺሮ ታይራ የተባለው ሞካሪ ሾፌር ፉጂ በተባለው ተራራ ላይ እስከ ስድስተኛው ጣቢያ ድረስ አውጥቶ የጃፓንን ፖሊሶች ካስደነቀ በኋላ ዝናው ተሰማ፤ የዛሬ ስሙን የተቀበለውም ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። በ1970 ዓ.ም. በፈረንጆች አቆጣጠር የተወለደው ሬንጅ ሮቨር ከእርሻው የተመለሰ ጌታ ውስጡን በውሃ ጎማ አጥቦ እንዲያደርቀው ተደርጎ የተሰናዳ ነበረ፤ የዛሬው ተወላጁ ግን በቆዳ የተለበጠ፣ ወንበሩም እንደ ተቀማጩ ፈቃድ የሚሞቅና የሚቀዘቅዝ ከመሆኑ የተነሣ፣ ጫማውን ሳይጠርግ እግሩን የሚያስገባ እንግዳ ቢኖር የሾፌሩ ፊት ወዲያው ይለወጣል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ለጥናታችን የሚጠቅመው የመርሴዲስ ጂ ነገር ነው። በ1979 ዓ.ም. በፈረንጆች አቆጣጠር ግራትስ በተባለችው የኦስትሪያ ከተማ መሠራት በጀመረው በዚህ መኪና፣ በማግሥቱ ዓመት የሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ፣ በላዩ የመስተዋት ቤት ተሠርቶለት፣ በጀርመን ሕዝብ መካከል ባለፉበት ጊዜ፣ ገደል ለመውጣት የተሠራ መኪና እጅግ ቀስ ብሎ በሰው ፊት ለማለፍ የበለጠ እንደሚመች ለዓለም ተገለጠ። ከዚያ ወዲህ ገደሉን ያስታወሰ ጥቂት ነው።

በሀገራችን የነገሩ አካሄድ የተገለበጠ ነው። በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሌ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የምትባል መኪና ይዞ ከባሕር ዳርቻ እስከ አዲስ አበባ፣ እስከ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከተማ ድረስ ሲመጣ፣ ለመኪና የተጠረገ ጎዳና በመንገዱ ላይ ስላልነበረ፣ ይህች የመጀመሪያዋ መኪና ሳትወድ በግዷ ከመንገድ ውጭ ተጓዥ ሆና ገብታለች፤ ከእርሷ በኋላ የመጡት ግን ጎዳናው በበዛ ቁጥር ጎዳና የማያሻቸው እየሆኑ ሄዱ። ከዚያ በፊት የመኳንንቱ ክብር በሠጋር በቅሎ፣ በበቅሎዋም ግላስና በኋላዋ በሚከተለው ሰው ብዛት ይመዘን ስለ ነበረ፣ ባለ ቪ8ን የሚነቅፍ ሰው በዘመናችን እንግዳ ጠባይ እንደ ተፈጠረ አድርጎ መናገር አይገባውም፤ ልዩነቱ በቅሎዋ ገደሉን በእውነት ትወርደው የነበረ መሆኑ ብቻ ነው።

ወደ ኀልዮ እንግባ። ገዢው ወደ መሸጫው ሲዘልቅ የሚጠይቀው መኪናው ከቤቱ እስከ ቢሮው ስንት ነዳጅ እንደሚፈጅ አይደለም፤ ይህ የትንሿ መኪና የቪትዝ ባለቤቶች ጥያቄ ነው። እርሱ የሚጠይቀው ስለ ወንዝ ነው። በ2007 ዓ.ም. በፈረንጆች አቆጣጠር የወጣውና ቪ8 ሲባል የብዙ ሰው ልብ ቀድሞ የሚሄድበት ላንድ ክሩዘር 200፣ አራት ሊትር ተኩል የሆነ ባለ ስምንት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር እንዳለው፣ በዋናውና በተጨማሪው ታንከር 138 ሊትር እንደሚይዝ፣ ክብደቱ ከሁለት ቶን ተኩል እንደሚያልፍ፣ 70 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ውሃም እንደማይበግረው ሻጩ በተመጠነ ድምፅ ሲያነብለት፣ ገዢው ሻይ እስኪቀርብ ባለው ጊዜ ውስጥ አዋሽን ተሻግሮ፣ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ባለው በዳሎል የጨው ሜዳ ላይ ነድቶ፣ የኤርታ አሌን እሳት ከቅርብ ተመልክቶ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ባለው በሰነቲ አምባ ላይ ቀይ ቀበሮ አይቶ ይመለሳል። ሻዩ ሲመጣ በ10 ሰዓት ስብሰባ እንዳለበት ትዝ ይለዋል። በአጠገቡ የቆመችው ባለቤቱ ይህ ሁሉ አካል በግቢያችን በር ይገባ ይሆን ብላ ብትጠይቅ፣ ደላላው ከመሬት ዓይኑን ሳያነሣ «እትዬ፣ በር እኮ ይሰፋል» ብሎ ይመልስላታል። በመሪው አጠገብ ደግሞ መኪናው በድንጋይ ላይ በራሱ ፍጥነቱን እየመጠነ እንዲሳብ የሚያደርግ ቁልፍ አለ፤ ሻጩ ያብራራል፣ ገዢው በአክብሮት ይሰማል፤ ከዚያ በኋላ የቁልፉ ስም የሚነሣው መኪናው ለሌላ ሰው በሚሸጥበት ቀን ነው፤ ያን ጊዜም «ይቺ አንድ ቀን አልተነካችም» ተብሎ ዋጋ ይጨመርባታል።

ወዳጆቹ ለምን እንደ ገዛው ሲጠይቁት መልሱ እንደ መጻሕፍት ትርጓሜ አንድምታ አለው። መንገዱ ስለማይመች ነው። አንድም ለልጆቹ ደኅንነት ነው። አንድም ሥራው በጠባዩ ወደ መስክ ስለሚያስወጣው ነው። አንድም ገንዘብ ባንክ ተቀምጦ ከሚሟሟ ይልቅ ዋጋው የማይወርድ ጥሪት ይሻላል ብሎ ነው። አንድም በሰበታ በኩል እርሻ ሊጀምር ስላሰበ ነው፤ ይህ ትርጓሜ እንደ ሌሎቹ ሁሉ ቅን ሐሳብ ያለበት ሲሆን፣ እርሻው ግን እስካሁን አልተዘራም። አንድም የሚስቱ ወንድም ባለፈው ፋሲካ ስለ ገዛ ነው የሚል ትርጓሜ በጎረቤት ሊቃውንት ዘንድ ይገኛል፤ ይኸኛው ባለመኪናው ባሉበት ጉባኤ አይነበብም።

ዋጋውን በተመለከተ፣ በነገረ መለኮት ትምህርት ያልተለማመደ ሰው ምሥጢሩን በቀላሉ አይደርስበትም። የመነሻው ዋጋ ቀረጥን ወለደ፤ ዋጋውና ቀረጡም ኤክሳይዝ ታክስን ወለዱ፤ ኤክሳይዙ ከአባቶቹ ጋራ ተደምሮ ተጨማሪ እሴት ታክስን ወለደ፤ ሱር ታክስም ከእነዚህ ሁሉ ድምር ተወለደ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186፣ ሞተሩ ከ1,800 ሲሲ በላይ በሆነ አዲስ የቤት መኪና ላይ መቶ በመቶ፣ ዕድሜው በገፋ አሮጌ መኪና ላይ ደግሞ እስከ 500 በመቶ ጥሏል፤ የእኛ መኪና ሞተር ከ4,400 ሲሲ የሚያልፍ ስለ ሆነ አዋጁን በሩቁ ተሻግሮት ቆሟል። ሕግ አውጪው እንዲህ ያለው ግዢ እንዲቀንስ አስቦ ይሆናል፤ ነገር ግን ግብሩ ሲጨምር ክብሩም በዚያው ልክ ስለሚጨምር፣ የመኪናው ጌታ በከፈለው ቀረጥ ሲያዝን የታየው ቁጥሩን ጮክ ብሎ በሚናገርበት ጊዜ ብቻ ነው።

በነቢብ የሚደረገው ጉዞ ብዙውን ጊዜ የሚፈጸመው በሥጋ ቤት ነው። ባለቤቱ የመኪናውን ቁልፍ አዋዜ እንዳይነካው ተጠንቅቆ፣ ምልክቱም ወደ ተሰብሳቢው እንዲዞር አድርጎ በጠረጴዛው ላይ ካኖረ በኋላ፣ «ይቺ መኪና እኮ ዳገት አታውቅም» ይላል። ምስክርነቱ ፍጹም እውነት ነው፤ አሳይቷት አያውቅምና። ቀጥሎም ስለ ጭቃ ይናገራል፣ ስለ አሸዋ ይናገራል፣ በአሸዋ ላይ የጎማ ንፋስ ቀነስ ማድረግ እንደሚገባም ያስረዳል፤ ተመሳሳይ መኪና ያለው ጓደኛው በበኩሉ በባሌ ወደ ጎባ የሚወስደውን አቋራጭ፣ ማንም ባልሄደበት አኳኋን፣ በሹካ ጫፍ በጠረጴዛው ላይ ይሥልለታል። በጥግ የተቀመጡ፣ ጉልምስናቸውን በአሰብ መንገድ በከባድ መኪና የፈጁ አንድ ሽማግሌ ግን ምንም ሳይናገሩ ይበላሉ።

ከነቢብ ክፍል ሳንወጣ፣ ቃል የማያስፈልገውም ንግግር እንዳለ ማመልከት ይገባል። ቪትዝ ወደ አንድ ትልቅ ሆቴል በር ስትደርስ ኮፈኗ ይከፈታል፣ ከሥሯ መስተዋት ይገባል፣ ባለቤቷም ወርዶ ይፈተሻል፤ ቪ8 ሲደርስ ግን ገመዱ አስቀድሞ ይወርዳል፣ ዘበኛውም እጁን ወደ ግንባሩ ያነሣል። ፈንጂ ከ1,800 ሲሲ በላይ በሆነ መኪና እንደማይጫን ዘበኞቻችን በልምድ ሳያረጋግጡ አልቀሩም።

ስለ ገቢር የምንናገረው አጭር ነው፤ የምናሳጥረውም ከስንፍና ሳይሆን ከማስረጃ ማነስ የተነሣ ነው። መኪናው ከአስፋልት ሲወጣ በዓይን የታየው በምሳ ሰዓት በእግረኛው መንገድ ላይ ሲሆን፣ ሆዱ ከመሬት ከ20 ሳንቲ ሜትር በላይ ከፍ ማለቱ የድንጋዩን ጠርዝ ያለ ድካም እንዲወጣ ረድቶታል፤ እግረኛው ግን ወደ አስፋልቱ ስለሚወርድ፣ ሁለቱ ሥፍራ ተለዋውጠው ይሄዳሉ። በሐምሌ ደግሞ ዝናቡ ሲበረታና ቦዩ ሲደፈን አስፋልቱ ራሱ ወንዝ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ያ የ70 ሳንቲ ሜትር ችሎታ ከነሙሉ ክብሩ ይገለጣል፤ ከመንገድ ሳይወጡ ወንዝ የመሻገር ጥበብም ምናልባት ከመዲናችን በቀር በሌላ ሥፍራ አልተደረሰበትም።

እውነተኛውን ገቢር የሚሠሩት ሌሎች ናቸው። ከ1984 ዓ.ም. በፈረንጆች አቆጣጠር ጀምሮ መልኩ ብዙም ሳይለወጥ የሚመረተው ባለ 70 ቁጥር ላንድ ክሩዘር፣ ወንበሩ ደረቅ፣ ካምቢዮው በእጅ የሚለወጥ ሆኖ፣ ክትባትና ሐኪም ጭኖ ወደ ጤና ኬላ ሲሄድ ይኖራል፤ ሾፌሩም ስለ መኪናው ጠባይ ቢጠየቅ የሚናገረው ስለ ጎማ እጥረትና ስለ ውሎ አበል ነው። በከተማም ውስጥ ቢሆን፣ ቪ8 በጠዋት ጭቃ ፊት ለፊት ቆሞ «ይቧጭራታል» ተብሎ ከሚመለስበት የሰፈር ውስጥ ኮረኮንች፣ ከባለቤቱ ልጆች ሁሉ ዕድሜዋ የሚበልጥ ሰማያዊና ነጭ ላዳ፣ አምስት ሰውና አንድ በግ ጭና፣ እያጨሰች ስትወጣ ታይታለች። ላዳዋ አራቱን ጎማ የሚጎትት ኃይል የላትም፤ ይህን የነገራት ሰው ግን ያለ አይመስልም።

ዘመኑ ደግሞ ይለወጣል። በ2021 ዓ.ም. በፈረንጆች አቆጣጠር የወጣው ላንድ ክሩዘር 300 ስምንቱን ሲሊንደር ጥሎ በስድስት መጣ፤ በትውልድ ሀገሩ በጃፓንም ፈላጊው እጅግ ስለ በዛ፣ ገዢዎች ቢያንስ አንድ ዓመት ሳይሞላ እንዳይሸጡት ቃል ገብተው እንዲፈርሙ ተጠየቁ፤ እኛም ለቤት መኪና እንዲህ ያለ ውል የሚያስፈርም ሃይማኖታዊ ሀገር በመኖሩ ሳንደነቅ አልቀረንም። በሀገራችን በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መንግሥት ከከለከለ ወዲህ፣ በመሸጫዎቹ መስተዋት ውስጥ የቆሙት ከቻይና የመጡ፣ ቁመታቸው ግርማ ያለው፣ ሞተራቸው ግን የማይሰማ የኤሌክትሪክ መኪኖች ሆነዋል። አንድ ገዢ ከእነዚህ በአንዱ ፊት ቆሞ፣ ዙሪያውን ከመረመረና በሩን ሁለት ጊዜ ከፍቶ ከዘጋ በኋላ፣ «ስንት ሲሊንደር ነው?» ብሎ ጠየቀ። ደላላው ጥቂት አሰበና፦

«ስምንት ነው፣ ጋሼ» አለ።