የሐጁ ባኞ

በሱዳኗ ገዳሪፍ ባኞ ያለው ሰው ይከበራል። ይታጠብበታል ማለት ግን አይደለም። የከተማው ውሃ ከአትባራ ወንዝ፣ ከሸዋክ በኩል፣ በቧንቧ ይመጣል፤ ይመጣል የምለው ሲመጣ ነው። ሳይመጣ ሲቀር በአህያ ጋሪ በርሜል ጭነው ሰፈር ለሰፈር የሚያዞሩ ልጆች አሉ፤ ዋጋውን የሚተምኑት የፀሐዩን ብርታት አይተው ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ አትባራ የእኛው ጓንግ መሆኑ ነው፤ ተከዜም ሰቲት ተብሎ ይገባበታል። እኛ መተማ ላይ ወረቀት ስንጠየቅ፣ ጓንግ ማንም ሳያስቆመው ይሻገርና ገዳሪፍ ላይ በጀሪካን ይሸጥልናል።

ስለዚህ የተከራየነው ቤት ባኞ የውሃ ማጠራቀሚያ ነበር። ጋሪው በመጣ ቀን እስከ አፉ እንሞላውና በጣሳ እየጨለፍን እንለቃለቃለን። የሚጠጣው ዚር በሚሉት የሸክላ ጋን ውስጥ ነው። አከራያችን ሐጁ ግን ባኞውን የሚያዩት በሌላ ዓይን ነው። ከእንግሊዝ ሹም ቤት የወጣ ነው ይላሉ፤ እንግሊዝ ሱዳንን የለቀቀው በ1956 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ምስክር መጥራት አይቻልም። ኪራይ ሊቀበሉ ሲመጡ ከእኛ በፊት እሱን ነው የሚጠይቁት።

ደባሌ የአይሱዙ ሹፌር ነው። በሰሊጥ ወቅት መኪና ደጅ ሲያድር ባትሪው እግር ያወጣል፤ ስለዚህ ማታ ማታ እየፈታ ያስገባዋል። አንድ ቀን ጋሪው ሳይመጣ ቀርቶ ባኞው ደርቆ ነበርና እዚያ አሳደረው። የባኞ ወለል ዘቅዘቅ ያለ ነው፤ ባትሪው ተንጋደደ፣ ክዳኑም ላልቶ ኖሮ አሲዱ ሲንጠባጠብ አደረ። ጠዋት ነጩ ወለል መሐል ለመሐል ደብዝዞ፣ ሲዳስሱት የሚሻክር ሆኖ ተገኘ። አሲድ የነካው ነገር ቶሎ በብዙ ውሃ መታጠብ አለበት። የት ያለ ውሃ!

የብረት ባኞ ነጩ ልባስ ቀለም አይደለም፣ መስታወት ነው። የመስታወት ዱቄት ብረቱ ላይ ተነስንሶ 800 ዲግሪ ገደማ በሚደርስ ምድጃ ውስጥ ይቀልጥበታል፤ አበባ የተሳለበት የጥንቱ የቆርቆሮ ሳህናችንም ሥራው እንዲሁ ነው። የባትሪ አሲድ ደግሞ ሲሶው ያህል ሰልፈሪክ አሲድ ነው። አሲድ እንዲችል ተብሎ ያልተሠራ አሮጌ ልባስ ላይ ሲያድር፣ ከመስታወቱ የሚሟሟውን እየለቀመ ያወጣና ፊቱን ዓይን በማያየው ጉድጓድ ይሞላዋል። ብርሃን ሲያርፍበትም በአንድ አቅጣጫ መመለሱን ትቶ ይበታተናል። መደብዘዝ ማለት ይኸው ነው። የሟሟ መስታወት ደግሞ በመፈግፈግ አይመለስም።

ይህን ለሰፈሩ ማን ይንገረው! አንዱ ሎሚ እሹበት አለ፤ በአሲድ ላይ አሲድ። ሌላው አሸዋ አለ። ጀበና ቡና የምትሸጠው የአገሬ ልጅ ብቻ፣ «ወንድምዓለም፣ ያኔውኑ አመድ ብትነሰንሱበት ምን ነበረበት?» አለችኝ። ልክ ነበረች፤ አመድ አሲድን ያረግባል። ምክሯ የደረሰን ግን አሲዱ ሥራውን ጨርሶ ከሄደ በኋላ ነው።

የሰሊጥ ደላላው ጎረቤታችን ያመጣው መላ ከሁሉም ያማረ ነበር። በንጹሕ ጨርቅ የሰሊጥ ዘይት ቀባው፤ ባኞው በራ። አስማት አይደለም፤ ዘይቱ ጉድጓዶቹን ሞልቶ ፊቱን ስላስተካከለው ነው፣ እስከሚቀጥለው እጥበት ድረስ። ደባሌም፣ «ለሐጁ መምጫ ቀን ከበቃ ምን እንፈልጋለን?» አለ። ሐጁ መጡ፣ አዩ፣ ደስ አላቸው፣ እንደ ልማዳቸውም ዳበስ አደረጉት። ከዚያ ጣታቸውን አሸተቱ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰሊጥ ጨረታ ላይ የቆሙ ሰው ናቸው። «ይኼ የዘንድሮ ነጭ ሰሊጥ ነው» አሉ፤ ቀጥለውም ከየትኛው መጋዘን እንደወጣ ሊገምቱ ሲጀምሩ ደባሌ ወደ ውጭ ወጣ።

ይህ የሆነው ከሱዳኑ ጦርነት በፊት ነው። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ያ ከተማ ከካርቱም በሸሸ ሰው ተጨናንቋል፤ አንድ ባኞ ውሃ እዚያ ዛሬ ምን ማለት እንደሆነ ሳስብ ስለ ድምቀቱ ማውራቴ ያሳፍረኛል። ሐጁ ግን አያፍሩም ነበርና ልቀጥል። «እንደነበረ አድርጋችሁ መልሱልኝ» አሉ።

እንደነበረ የሚያደርግ ምድጃ ገዳሪፍ ውስጥ የለም፤ ያለው የመኪና ቀለም ቀቢ ነው። የኛው ሰው ጎንደሬ ነው፣ ባኞ ቀብቶ አያውቅም፣ ግን ከአይሱዙ በር ይለያል ብሎ አላመነም። በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገው፣ አጠበው (ውሃውን እኛ ገዛን)፣ በቲነር ወለወለው፣ የተቦረቦረውን በስቱኮ ደፈነ። ከዚያ ማጠንከሪያ የሚቀላቀልበትን ቀለም አዘጋጀ። ተራው የግድግዳ ቀለም ሳሙና ሲነካው ይላጣል፤ ይኼኛው ግን ሁለቱ ፈሳሾች ሲገናኙ እርስ በርስ ተቆላልፈው ይደድራሉ። ጭሱ ለሳንባ አደገኛ ስለሆነ አፍንጫውን ሸፍኖ እኛን አባረረን። የረጨውም ጎህ ሲቀድ ነው። የገዳሪፍ ፀሐይ 40 ዲግሪ ሲያልፍ ቲነሩ ቀለሙ ሳይረጋ ይተንና ፊቱ የብርቱካን ልጣጭ ይሆናል ብሎ አስረዳን፤ አቧራውም የሚነሣው ረፈድ ሲል ነው። እውነቱን ለመናገር ሥራው አስደነቀኝ። እንዲህ ያለ ሰው ትምህርት ቤት ሊከፈትለት ይገባል።

ሒሳቡን ተቀብሎ ኮምፕረሰሩን ሲጭን ዞር ብሎ፣ «ደግሞ አደራ፣ ውሃ እንዳታሳድሩበት» አለ።

«ምን?»

«ታጥባችሁ ወዲያው ማፍሰስ ነው። ውሃ ተኝቶ የዋለበት ቀለም ከሥሩ ይተነፍስና ያብጣል፣ ከዚያ ይላጣል።»

ደባሌ እኔን አየኝ። እኔ ባትሪውን አየሁ።

ሐጁ ሲመጡ መብራት አስበርተው ዞሩት፣ ዳበሱት፣ አሸተቱት። ደስታቸው ወሰን አልነበረውም፤ ቤቱ አሁን አዲስ ባኞ ያለው ቤት ሆኗልና ከመጪው ወር ጀምሮ ኪራዩ እንደሚጨምር ነገሩን። እኛም ገበያ ወጥተን በርሜል ገዛን። ሌላ ማቆሚያ ቦታ ስለሌለ ከሥሩ የሰሊጥ ጆንያ አንጥፈን ባኞው ውስጥ አቆምነው።