የግዴታ አገልግሎትን ተቃውሞ ማክሸፊያ መንገዶች

ለምረቃ ቅድመ ሁኔታ ተደርጎ የሚጣልን የማኅበረሰብ አገልግሎት መቃወም ተገቢ ነው፤ ተቃውሞውን ማክሸፍ ግን ከባድ አይደለም። ለማክሸፍ የፈለገ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ አገልግሎቱን ራሱን ይንቀፍ። ለምሳሌ በጣና ዳር እንቦጭ ለመንቀል ዘመቻ ሲጠራ «የመጣሁት ለመማር እንጂ አረም ለመንቀል አይደለም» ይበል። ክርክሩ እዚያው ያበቃል። የደንቢያና የፎገራ ገበሬ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ውኃ ውስጥ ቆሞ ይህንኑ አረም በእጁ ሲነቅል ኖሯል፤ በየበጋውም ለተፋሰስ ሥራ ጉልበቱን ያለ ክፍያ ያዋጣል። የእሱን ልፋት የሚንቅ ተማሪ ሰሚ አያገኝም፤ ማግኘትም የለበትም። ተቃውሞው መነሳት ያለበት በሥራው ላይ ሳይሆን፣ ዲግሪን መያዣ አድርጎ ጉልበት በመጠየቁ ላይ ነው።

ታሪክን አለማወቅም ያከሽፋል። ጉዳዩን ትናንት እንደተፈጠረ አድርጎ የሚያቀርብ ተቃዋሚ፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎቹን ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ይልክ እንደነበር ሲነገረው መልስ ያጣል። የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ይባል የነበረው ይህ ዓመት ሳይፈጸም ዲግሪ አይሰጥም ነበር። አብዛኞቹ ዘማቾች የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ሆነው አገልግለዋል። አበል ይከፈላቸው ነበር፤ ሥራቸውም የታወቀ ነበር። የተማሪውን ንቅናቄ ሐሳብ ወደ ክፍለ ሀገር ትምህርት ቤቶች ካደረሱት መካከልም እነሱ ይገኙበታል። «እንዲህ ያለ አገልግሎት ምንም ፋይዳ የለውም» የሚል ክርክር በዚህ ታሪክ ፊት አይቆምም።

ሌላው ማክሸፊያ ትንሹን ጥያቄ በትልቁ ማስዋጥ ነው። ደርግ የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻን ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲያስጀምር ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን እንዲዘምቱ ታስቦ ነበር። አልዘምትም ያለ ከትምህርትም ከሥራም ይታገድ ነበር። ብዙ ተማሪዎች ዘመቻውን ከከተማ ማራቂያ ዘዴ አድርገው በማየት ተቃወሙት፤ ዋና ጥያቄያቸው ግን የሕዝባዊ መንግሥት መመሥረት ነበር። ያ ጥያቄ ክቡር ነበር። ነገር ግን አንድ ወጣት ላለመዝመት ቢወስን ትምህርቱን የመቀጠል መብት አለው ወይ የሚለው ጉዳይ በዚያ መካከል ተዋጠ። የየካቲት 25ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ዘማቹ ገጠር ነበር፤ አዋጁን ለማስፈጸም የገበሬ ማኅበራትን አደራጀ፤ ከጣቢያው ጥሎ የወጣም ብዙ ነው። በግዳጅ የተላከ ሰው ለሥራው ከልቡ ሊተጋ ይችላል። ይህ ግን ግዳጁን ትክክል አያደርገውም፤ ተቃዋሚዎች በብዛት የሚረሱት ይህንን ነው።

ሕግ ሲጠቀስ ደግሞ ስህተቱ ማጋነን ነው። አገልግሎቱን ባርነት ብሎ መጥራት ፍርድ ቤት አያሳምንም። በአሜሪካ ፔንሲልቫኒያ፣ ቤተልሔም በተባለች ከተማ ለሁለተኛ ደረጃ ምረቃ የተጠየቀውን 60 ሰዓት አገልግሎት አስገዳጅ ባርነት ነው ብለው የከሰሱ ወገኖች እ.ኤ.አ. በ1993 በይግባኝ ተሸንፈዋል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት የተሻለ መከራከሪያ ይሰጣል። አንቀጽ 18 በኃይል ተገዶ ወይም ግዴታን ለማሟላት መሥራትን ይከለክላል፤ ከክልከላው ውጭ ካደረጋቸው ሥራዎች አንዱ ማኅበረሰቡ በራሱ ፈቃድ በአካባቢው የሚያከናውነው የልማት ሥራ ነው። ቁልፉ ፈቃድ ነው። ካልተሠራ ዲግሪ የሚያስከለክል ሥራ በፈቃድ የተሠራ መሆኑን ማስረዳት ያለበት አስገዳጁ ነው።

የመስክ ልምምድንም አብሮ መቃወም ጉዳዩን ያበላሻል። በ1947 ዓ.ም. የተመሠረተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ እየላከ አሠልጥኗል። ያ ትምህርት ነበር፦ መምህር ይከታተለዋል፤ ውጤት ይያዝበታል። ከሙያው ጋር ያልተገናኘ ሰዓት ማስሞላት ሌላ ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን ሳይሠሩ በዘመድ በኩል ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ማውጣት ነው። እያንዳንዱ የሐሰት ደብዳቤ ተማሪው በደስታ አገለገለ ተብሎ ይመዘገባል፤ በሐቅ የተቃወመውን ብቻውን ያስቀራል፤ የማኅበረሰቡንም ድርሻ ይሰርቃል። እንዲሁም ጋዋን እስኪለበስ ዝም ብሎ መቆየት፣ ከዚያም መመሪያ ያላወጣውን የቀበሌ አስተባባሪ መቆጣት ጥቅም የለውም። የምረቃ መስፈርት የሚጸድቀው በዩኒቨርሲቲው ሴኔት ነው።

ስለዚህ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በፔዳም ሆነ በፖሊ ግቢ ያለ ተማሪ ተቃውሞውን በጽሑፍ፣ በተማሪዎች ኅብረቱ በኩል፣ መስፈርቱ ከመጽደቁ በፊት ለሴኔቱ ያስገባ። ሲመዘገብ ያልነበረ መስፈርት ወደ ኋላ ተመልሶ እንዳይጫንበት፣ ሥራው ከሙያው ጋር እንዲገናኝ፣ የመጓጓዣና የሕክምና ወጪ እንዲሸፈን፣ የማይፈልግም ዲግሪውን እንዳይነጠቅ ይጠይቅ።