ያልተሠራ ፊልም የሚያዩ ዐይኖች

የፊልም ትምህርት ቤት ፈታኞች ሊደነቁ ይገባል፤ ገና ያልተሠራን ፊልም አይቶ «አይሆንም» ማለት ቀላል ጥበብ አይደለም። የፖላንዱ የዉች ፊልም ትምህርት ቤት ኋላ ዝነኛ ዳይሬክተር የሆነውን ክሺሽቶፍ ኪየሽሎቭስኪን ሁለቴ መልሶ በሦስተኛው አስገባው። በመሀሉ ተሰጥኦው ስንት እጅ እንዳደገ የመዘነ የለም፤ ፈተና የመፈተን ልምዱ ማደጉ ግን አያጠራጥርም። የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ስቲቨን ስፒልበርግን አልቀበልም ብሎ፣ በ1994 እ.ኤ.አ. የክብር ዶክትሬት ደረበለት። ሰውየው በሎንግ ቢች ዩኒቨርሲቲ ጀምሮ የተወውን ዲግሪ በ2002 እ.ኤ.አ. ሲጨርስ ለፊልም ኮርሱ ያቀረበው የራሱን ፊልም «የሺንድለር ዝርዝር»ን ነው፤ ሰባት ኦስካር የወሰደ የቤት ሥራ መሆኑ ነው። መምህሩ እርማቱን በቀይ እስክሪብቶ ጽፎበት ይሆን?

«ዳይሬክተሮቹ ዋይዳና ፖላንስኪስ ከዚያው ከዉች አልወጡም ወይ?» የሚል ይኖራል። ወጥተዋል። ከተመለሱትም ስማቸው የሚደርሰን የተሳካላቸው ብቻ ነው፤ የቀሩት ብዙዎች በትክክል ተመልሰው ሊሆን ይችላል። ወንበሩ ጥቂት፣ አመልካቹ ብዙ ከሆነም መምረጥ ግድ ነው። ታዲያ የእምቢታ ደብዳቤው «ወንበር አልቆብናል» ቢል ምን ነበረበት? በጥቂት ቀን ፈተና የሚለካው በአብዛኛው ድፍረት፣ አንደበትና ዝግጅት ነው፤ ከፊልም ሥራ የሚፈለገው ትዕግሥት ግን ዓመታት ካላለፉ አይታይም። እንግዲያው መሠረታዊውን መስፈርት ላሟሉት ዕጣ ቢወጣ ብዙ የሚጎድል አይመስልም። አንድ ችግር ብቻ አለ፤ ዕጣ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ «ለመሆኑ ሲኒማ ላንተ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ አይችልም።