ለምቀኝነት የሚበቃ ጎረቤት አመራረጥ

ከጀሞ ሜክሲኮ የሚመላለሱ ሚኒባሶችን የኋላ መስታወት ያስተዋለ ሰው «ምቀኛ አታሳጣኝ» የሚለውን ጽሑፍ ያውቀዋል። ልብ ይበሉ፤ ይህ ጸሎት ነው። ባለ ሚኒባሱ ጎማ አልለመነም፣ ነዳጅም አልለመነም። የለመነው ምቀኛ ነው። ጸሎት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚመለሰው በሰው እጅ እንደሆነ በየዐውደ ምሕረቱም በየአዳራሹም ሲሰበክ ሰምተናል። እንግዲህ ለዚህ አገልግሎት ከእርስዎ የተሻለ ማን ይገኛል? በሙያው የተሰማራን ብዙዎች ነን፤ የሚያሳዝነው ያለ ሥልጠና፣ እንዲያው በዘፈቀደ የምንሠራ መሆናችን ነው። ይህችን ምክር ለማቅረብ የተገደድኩትም ለዚሁ ነው።

ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው በምርጫ ላይ ነው። ለቡ አካባቢ ቪላ ያቆመውን ባለሀብት ይይዛል። ምን ሊረባዎት? አጥሩ ረጅም ነው፤ ምን እንደበላ አያዩም፣ ማን እንደጠየቀው አይሰሙም። እሱም መኖርዎን ስለማያውቅ በእርስዎ የተነሳ እንቅልፍ አያጣም። ምቀኝነት የሚያምረው በእኩያ ላይ ነው። ቃየን በሩቅ አገር ንጉሥ አልቀናም፤ አጠገቡ ቆሞ መሥዋዕት ባቀረበው በገዛ ወንድሙ እንጂ። ሳኦልንም ቢሆን የፍልስጥኤም አለቆች ሀብት አላስጨነቀውም። እሱን ያሳበደው ሴቶቹ ከበሮ ይዘው ሲዘፍኑ ለንጉሡ ሺህ፣ በገና ለሚደረድርለት ለዚያ ልጅ ግን እልፍ መቁጠራቸው ነው። እስከዚያች ቀን ድረስ ሺው በቂው ነበር፤ ማንም አልነካበትም፣ ከዚያም በኋላ ማንም አልቀነሰበትም። የተለወጠ ነገር ቢኖር አጠገቡ ሌላ ቁጥር መቆሙ ብቻ ነው።

በዚህ በኩል ንፋስ ስልክ ላፍቶ የታደለ ክፍለ ከተማ ነው። ሳሪስም መካኒሳም የየራሳቸው የቆየ ልምድ አላቸው፤ ይሁንና ኮንዶሚኒየምን የሚያህል የለም። ጀሞን ይመልከቱ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ተብሎ የተዘረጋ ማሠልጠኛ ነው። በ1996 ዓ.ም. የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች መርሐ ግብር ሳያስበው የሠራው ትልቅ ሥራ እኩያን ከእኩያ ጋር በአንድ ደረጃ ላይ መደርደሩ ነው። ሁለት ሰዎች ለባለ አንድ መኝታ በአንድ ቀን ተመዘገቡ እንበል። እኩል ጠበቁ። ሃያ በመቶውን ከፍለው ለሰማንያ በመቶው የባንክ ዕዳ ገቡ። ዕጣው ሲወጣ አንዱ ምድር ቤት፣ ሌላው አራተኛ ፎቅ። ሊፍት የለም። ምድር ቤት የደረሰው መስኮቱን በር አድርጎ ሱቅ ከፈተ፤ በጓሮ በኩል አጥር አስጠግቶ ጎመን ተከለ። ውኃ በመጣች ሌሊት በርሜሉ ጢም ይላል፤ ወደ ላይኛው ቤት ግን ከቧንቧው የሚደርሰው ትንፋሽ ብቻ ነው።

እንግዲህ ሰው ማንን ይክሰስ? ዕጣውን? መጽሐፉ ዕጣ በሰው እጅ ይጣል እንጂ ፍርዱ ከእግዚአብሔር ነው ይላልና ወደዚያ በኩል ባይጠጉ ይሻላል። የወይኑ አትክልት ሠራተኞች ነገር የከረረው እዚህ ላይ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ የደከሙት ከተስማሙበት አንዲት ዲናር አልጎደለባቸውም። ያስቆጫቸው በአሥራ አንደኛው ሰዓት የመጣውም ዲናር ይዞ ሲሄድ ማየታቸው ነው። ባለ ርስቱም መልሶ የጠየቃቸው የእኔ ቸርነት የእናንተን ዓይን ለምን ያማል እንደማለት ነበር። አዩ፣ ክሱ ውስጥ ውስጡን የተጻፈው በአካፋዩ ላይ ነው፤ ጎረቤት መጥሪያው የሚደርሰው አድራሻው ስለሚቀርብ ብቻ ነው። ይህን ግን ለራስዎ እንዳይነግሩ አደራ፤ ሥራው ይበላሻል።

ደግነቱ ዕጣው በሰማይ ብቻ እንደማይወጣ ማስረጃ አግኝተናል። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ለ25 ሺህ 791 ቤቶች ዕጣ ወጥቶ፣ ሰው እልል ካለ በኋላ፣ ያልቆጠቡ ሰዎች ስም መረጃው ውስጥ ገብቶ ስለተገኘ ተሰረዘ፤ በ2015 ዓ.ም. እንደገና ወጣ። ከዚያ በፊት ጎረቤቱን የሚጠረጥር ሰው ያለ ማስረጃ ይቸገር ነበር። ዛሬ የእርስዎ ጎረቤት ቤቱን ያገኘው ከዚያ ዘመን ብዙ ቀድሞ፣ በንጹሕ ዕጣ ቢሆን እንኳ ደረጃው ላይ ቆም ብለው «እሱ እንዴት እንዳገኛት እግዜር ነው የሚያውቀው» ማለት ይችላሉ። ሰሚ ራሱን ይነቀንቃል። እግዜርም በእርግጥ ያውቃል።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። ጎረቤትዎ መኪና ገዛ እንበል፤ ያውም የኤሌክትሪክ። ዝም አይበሉ፤ ዝምታ ያስነቃል። ቀድመው ይሂዱና «እንኳን ደስ ያለህ! ባትሪው ቶሎ ነው የሚሞተው አሉ» ይበሉት። ልጁ ከተመረቀች «ጎበዝ፤ ሥራ ግን የለም እኮ ዘንድሮ»። ሚስቱ ከወለደች እንኳን ማርያም ማረችሽ ብለው ገንፎውን ከበሉ በኋላ ሕፃኑን ትኩር ብለው አይተው «ትንሽ አልከሳም?»። ደስታ እንዲህ በአንድ ማንኪያ እሬት ስትቀርብ ማንም ምቀኛ አይልዎትም፤ የሚያስብ ሰው ይባላሉ።

ሐሜትን በተመለከተ እንደየቤተ እምነቱ ወግ አለው። ፕሮቴስታንት ከሆኑ በቤት ለቤት ኅብረቱ ላይ ዓይን ጨፍኖ፣ ድምፅ ሰበር አድርጎ «ለባለ ምድር ቤቱ ወንድማችን እንጸልይለት፤ ዝርዝሩን መናገር አልፈልግም» ማለት በቂ ነው። ዝርዝሩን ሌሎቹ ይሞሉታል። ኦርቶዶክስ ከሆኑ ደግሞ የጽዋ ማኅበሩ ዳቦ እስኪቆረስ ይታገሱ። በጾም ወራት ቅቤና ሥጋ ከቤት ስለሚወጡ አፍ ሥራ ይፈታል፤ የጎረቤት ሥጋ ደግሞ በፍትሐ ነገሥቱ የጾም ዝርዝር ውስጥ በስሙ አልተጠቀሰም ብለው ራስዎን ማጽናናት ይችላሉ። ንስሐ አባትዎን ግን አይጠይቁ።

ምቀኝነት ለብቻው ዓይናፋር ነው፤ ወደ አደባባይ የሚወጣው ክርክር እጁን ይዞ ሲመራው ነው። ያዕቆብ በመልእክቱ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ሁከትና ክፉ ሥራ ሁሉ የሚፈለፈለው ከዚያ እንደሆነ ጽፏል። ለክርክር የጋራ ንብረት ያስፈልጋል። ይህንንም መንግሥት አስቦልናል፤ የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ደረጃውን፣ ጣሪያውን፣ ግቢውን የሁላችን አድርጎታል። ስለዚህ ባለ ምድር ቤቱ የመኪናውን ገመድ በመስኮት ስቦ ሌሊት ቻርጅ ሲያደርግ ጉዳዩ የቅናት ሳይሆን የሕግ ነው። የብሎኩን ስብሰባ ያስጠሩ። አጀንዳው የጥበቃ ደመወዝ ቢሆንም ግድ የለም። «ገመዱ ልጆች የሚጫወቱበት መንገድ ላይ ነው» ብለው ይጀምሩ፤ ልጅ ባይኖርዎትም። በሁለት ስብሰባ ገመዱ ይነሳል፤ ሰላምታም አብሮ ይነሳል። ከዚያ ወዲያ ሚስቶች ኮሙናሉ ጋ ሲገናኙ አንዷ ልብሷን ሳታሰጣ ትመለሳለች፤ ልጆችም አብረው የጀመሩትን ኳስ ያቋርጣሉ። ቡናው የሚጠራው ሰው ይቀንሳል።

አንድ አደጋ አለ። «ምቀኛ ጎረቤት ዕቃ ያስገዛል» የሚሉት አበው በእኛ ሙያ ላይ ያሾፉ ይመስለኛል። ሰውየው እልህ ይይዘውና ይበልጥ ይሠራል፤ የእርስዎ ድካም የእሱ ካፒታል ይሆናል። ከሁሉ የከፋ ኪሳራ የገጠማቸው የዮሴፍ ወንድሞች ናቸው። ልጁን በሃያ ብር ሸጡት። አሥር ሆነው ተካፍለዋት ከሆነ ለነፍስ ወከፍ ሁለት ሁለት ብር ትደርሳለች፤ ዛሬ ከጀሞ ጀርመን አደባባይ አታደርስም። እሱ የግብፅ ጎተራ አዛዥ ሆነ (የእኛን ሰፈር ጎተራ አላልኩም)። ሒሳቡ ግን እዚያ አያበቃም። ሲሸጥ 17 ዓመቱ ነበር፤ ፈርዖን ፊት ሲቆም 30፤ ሰባቱ የጥጋብ ዓመታት አልፈው ራብ በገባ በሁለተኛው ዓመት ተገናኙ። ወደ 22 ዓመት ማለት ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን በየማዕዱ የአባታቸውን ፊት እያዩ፣ ልቅሶውን እየሰሙ፣ ማጽናናት የሚችሉበትን አንዲት ቃል ማውጣት አልቻሉም። እጀ ጠባቡን ገፍፈው ፍቅሩ ለእነሱ ይከፋፈላል ብለው ነበር፤ አባትየው ግን ፍቅሩን ከሟቹ ጋር ይዞት ተቀመጠ። እርስ በርሳቸውም ቢሆን ምስጢር የሚጠብቅ እስረኛና ዘበኛ ሆኑ እንጂ ወንድም አልሆኑም። ይህን ምሳሌ ማንሳቴ ሥራ እንዳይቀዘቅዝብዎት ሳይሆን ወጪውን አስቀድመው በጀት እንዲይዙ ነው።

በእሑድ በኩል ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቅዳሴው ላይ ዲያቆኑ እርስ በርሳችሁ ሰላምታ ተለዋወጡ ሲል ጎረቤትዎ በቀኝ ቆሞ ከሆነ ወደ ግራ ብቻ እጅ ይንሱ። «አባታችን ሆይ» ላይ በደል ይቅር ወደሚባባልበት ቦታ ሲደርሱ ማሳል ይችላሉ፤ በጉባኤ መካከል ማንም አይሰማም። ወንድምህ የተቀየመህ እንደሆነ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ ሂድ የሚለው ትምህርት ከተነበበ ደግሞ ጎረቤትዎ ያለው እዚያው ጀሞ ሚካኤል፣ ሁለት ሰው አልፎ መሆኑ ሰበብ ያሳጣዎታል። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ይለውጡ። ሃና ማርያም አለች፤ ጎፋ ገብርኤል አለ፤ የታክሲውን የአገልግሎት ወጪ ይበሉት።

የመጨረሻው ምክሬ ስለ ሕመም ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ምቀኛ ሌሊት መታመም የለበትም፤ እናቱም እንዲሁ። ሊፍት በሌለበት ብሎክ እናትዎ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትንፋሽ ቢያጥራቸው በወንበር አድርጎ ስምንት ግማሽ ደረጃ የሚያወርድ ትከሻ ያስፈልጋል። ባለሀብቱ ከለቡ አይመጣም። በሩን የሚከፍተው፣ ቁምጣውን እንደለበሰ ሮጦ የሚወጣው፣ «እማማ፣ አይዞዎት» እያለ ከታች የሚሸከመው ያው ባለ ምድር ቤቱ ነው፤ ምን ያድርግ፣ ምቀኝነት አልተማረም። መኪናውስ? መኪናው ከደረጃው ሥር ቆሟል፤ ገመዱን ስላስነሱት ግን ባትሪው ባዶ ነው።

ይህን ለማስቀረት ያለው ዘዴ ከእሱ ጋር ቤት መለዋወጥ ነው። ይጠይቁት። የስድስት ቤት ፍሳሽ በመታጠቢያ ቤቱ በኩል በገነፈለ ቁጥር፣ ሌሊት ሌባ መስኮቱን በነካ ቁጥር፣ «አራተኛ ፎቅ የደረሳቸው ሰዎች ምን ሠርተው ነው?» እያለ ዓመታት ሲቀናብዎት የኖረ ሰው ስለሆነ ሳይከራከር ሊስማማ ይችላል። ሳይከራከር ከተስማማ ግን ወዲያውኑ ይጠርጥሩት።