ጎማና ሰላምታ

በባዕድ አገር የሚገሠጽ ሰው የገሣጩን ቋንቋ አለማወቁ አንድ በረከት ነው፤ እኔ ግን በኮሞ ሐይቅ አጠገብ በአንዲት የብስክሌት መጠገኛ ሱቅ ውስጥ የተቀበልሁት ተግሣጽ ምንም ሳይቀር ስለ ገባኝ፣ ዓመት ካለፈው በኋላ እንኳ ጥርሴን ስፍቅ ድንገት ትዝ እያለኝ መፋቂያዬን ያስነክሰኛል። ስለ ጎማ አያያዝ የተገሠጽሁ ብሆን ኖሮ በተሻገርሁት ነበር። የተገሠጽሁት ስለ ሰላምታ ነው፤ ያውም በጣልያን፤ ያውም እኔ፣ መንገድ ላይ ያገኙትን ሰው ስለ ጤናው፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ዘመዶቹና ስለ ዝናቡ ሳይጠይቁ ማለፍ ነውር ከሆነበት አገር የሄድሁ ሰው።

ከቤላጂዮ ተነሥቶ ወደ ማዶና ዴል ጊዛሎ የሚወጣው ዳገት ብስክሌተኞች እንደ ገዳም መንገድ የሚያዩት ዳገት ነው። በዐናቱ፣ ከባሕር ወለል 754 ሜትር ላይ፣ ያለችው የትንሿ ቤተ ጸሎት እመቤታችን እ.ኤ.አ. በ1949 በሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት በዐሥራ ሁለተኛው ፒዮስ ቃል የብስክሌተኞች ጠባቂ ተብላ ስለ ተሰየመች፣ እኔም ጉልበቴ ፈጽሞ ሳይከዳኝ ሄጄ ልሳለማት ብዬ ብስክሌቴን ይዤ ወጣሁ። ዳገቱን ገና ሳላጋምስ የኋላ ጎማዬ እንደ እባብ ፉጨት አሰማና ተነፈሰ።

ጎማዬ የሁሉም ሰው ጎማ አይደለም። የተለመደው ብስክሌት የውጭ ጎማና በውስጡ የሚነፋ ከመነዳሪ አለው፤ የእኔው ግን ጣልያኖች ቱቦላሬ የሚሉት፣ የውጩ ልብስ በከመነዳሪው ዙሪያ እንደ ትራስ ተሰፍቶ የተዘጋ፣ በቸርኬውም ላይ በማስቲሽ ብቻ ተጣብቆ የሚቆም ጎማ ነው። ቀላል ነው፤ ሲነዱት መንገዱን የሚዳስስ እንጂ የሚረግጥ አይመስልም፤ በቀድሞ ዘመን የእሽቅድምድም ሰዎች ለካህን ካባ የሚበቃውን ሐር በቱቦላሬ አሠርተው በአስፋልትና በጠጠር ላይ ይጎትቱት ነበር። ሲበሳ ግን ስፌቱን ተርትሮ፣ ቀዳዳውን ለጥፎ፣ መልሶ ሰፍቶ፣ እንደ ገና ማጣበቅ ነውና ጎሚስታና ልብስ ሰፊ በአንድነት ያስፈልጉታል። ይህን እያወቅህ ስለ ምን ነዳኸው ለሚለኝ መልሴ አጭር ነው፤ ቸርኬዎቹን አንድ ወዳጄ በነጻ ሰጠኝ። ወዳጄ በነጻ የሰጠኝ ስለ ምን እንደ ሆነ የገባኝ በዚያ ዳገት ላይ ነው።

ብስክሌቴን እየገፋሁ ቁልቁል ስመለስ ከአንዲት መንደር ጠርዝ ላይ ያንን ሱቅ አገኘሁ። በውስጡ ሰማያዊ ቱታ የለበሱ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ፣ ሰማንያን የተሻገሩ የሚመስሉ አንድ ሽማግሌ አጎንብሰው ይሠራሉ።

ጣልያንኛ አላውቅም። አላውቅም ስል ግን ከጋራዥ ደጃፍ ውጭ ማለቴ ነው፤ አርበኞቻችን በአምስት ዓመት ተጋድሎ ጠላትን ከአገር ሲያስወጡ ካቻቢቴውን ስላስቀሩት፣ ፍሬኑም፣ ማርሹም፣ ፍሪሲዮኑም፣ ኩሽኔታውም፣ ባሌስትራውም፣ ራሱ ጎማውም ስሙን እንደ ያዘ እኛ ዘንድ ቀርቶ፣ ማንኛውም የአዲስ አበባ ሰው ሳይማር የተማረው ግማሽ ቋንቋ በአፉ ውስጥ አለ። እኔም በዚህ ሀብቴ ተማምኜ፣ የተነፈሰውን ጎማ ከነቸርኬው አንሥቼ፣ ከደጃፉ ላይ «ጎማ! ጎማ ፎርቴ!» አልሁ። ጠንካራ ጎማ ማለቴ ነው።

ሽማግሌው ቀና አሉ። መነጽራቸውን አወረዱ። «ቦንጆርኖ» አሉ።

የሰማሁት መስሎኝ ቸርኬውን ወደ ፊታቸው አስጠግቼ «ጎማ ፎርቴ፤ ማስቲሽ» አልሁ። እርሳቸውም ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ ፊደል እንደሚያስቆጥሩ የኔታ ቃሉን በቃሉ ላይ እየቆረጡ «ቦን፣ ጆር፣ ኖ» አሉኝ። በዚህ ጊዜ ከጓዳ ብቅ ያለች የልጅ ልጃቸው በእንግሊዝኛ «አያቴ የሚሉት፣ ሰው ቤት ሲገባ መጀመሪያ እንዴት ዋላችሁ ይባላል ነው» ብላ አስተረጎመችልኝ። ከአስተርጓሚ ሁሉ የከፋው ታማኙ ነው፤ ይህች ልጅ ከአያቷ ቃል አንዲት ሳታስቀር «ጎማ ጎማ እያለ የሚገባ ሌባ ነው ወይስ የቸኮለ ሐኪም?» ማለታቸውንም ጨመረችልኝ።

ልጅ ሳለሁ እናቴ ከጎረቤት ወንፊት ተበድሬ እንድመጣ ልካኝ፣ እኔም በሩጫ ሄጄ በሩጫ ይዤ ስመለስ፣ «እንዴት አደራችሁ ብለሃል?» ብላ ጠየቀችኝ። አላልሁም። ወንፊቱን መልሼ፣ እጅ ነሥቼ፣ የቤቱን ሰው ሁሉ በየስሙ ጠይቄ፣ እንደ ገና ተበድሬው መጣሁ። ያን ዕለት የተማርሁትን መቼ እንደ ጣልሁት አላውቅም። በከተማችን ሱቅ ደጃፍ ቆሜ «ስንት ነው?» ብቻ ማለት ከጀመርሁ ብዙ ዘመን ሆኖኛል፤ ባለ ሱቁም ዋጋውን ብቻ ይነግረኛል፤ ሁለታችንም ይህን ሥልጣኔ ብለነው እንኖራለን። በኮሞ ሐይቅ ዳር የቆሙት ሽማግሌ ወንፊቱን መልስ አሉኝ። እኔም መለስሁ፤ ወደ ደጅ ወጥቼ፣ እንደ ገና ገብቼ «ቦንጆርኖ፣ ሲኞር» አልሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ኑዛዜ ነው እንጂ ግብይት አይባልም። ጎማህን መጨረሻ የመረመርኸው መቼ ነው? ያለፈው ወር። ከየጉዞው በኋላ በእጅ ዳስሶ የገባውን ስባሪ ጠርሙስ ሳይጠልቅ ማውጣት እንደሚገባ አታውቅምን? አውቃለሁ። ስፋቱ ስንት ነው? 21 ሚሊ ሜትር። እንዴት ትነፋዋለህ? ድንጋይ እስኪሆን ድረስ። በዚህ ላይ ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቀጭን ጎማ ከልክ በላይ ሲነፋ የጠጠሩን ጫፍ ይቀበላል እንጂ አያልፈውም፣ 25 ሚሊ ሜትር የሆነውን ነፋሱን ቀነስ አድርገህ ብትነዳ እሾኹም ያዝንልሃል አሉ። የምትነዳው በመንገዱ የት በኩል ነው? ለመኪናዎቹ በትሕትና ቦታ ለመልቀቅ ጥጉን ይዤ ነው። «ትሕትናህ ነው የበሳህ» አሉ፤ «መኪናው የሚጠርገው ጥራጊ ሁሉ የሚከማቸው በጥጉ ነው።» ትርፍ ጎማ ከኮርቻው ሥር አለህን? የለኝም። ልጅቱ ይህን ስትተረጉም ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«የማይበሳ እፈልጋለሁ» ብዬ ብማጸን፣ የማይበሳ ጎማ የእንጨት ነው፣ እርሱም ለጋሪ ነው አሉኝ። ከምድር ቤት ሦስት ዓይነት አመጡ። ምድር ቤቱ ጨለማ የሆነው የድሮ ሰዎች ጎማ እንደ ወይን ጠጅ በጨለማ ሲከርም ይጠነክራል ይሉ ስለ ነበር ነው፤ ልጅቱ ግን ጎማ ሲከርም ያረጃል እንጂ አይጠነክርም ብላ በጆሮዬ ሹክ አለችኝ። የመጀመሪያው የጥጥ ልብስና ስስ የላቴክስ ከመነዳሪ ያለው፣ እንደ ጓንት የለሰለሰ ነው፤ ነገር ግን ማታ የነፉት ጠዋት ይጎድላል፣ ለአንተ አይሆንም አሉ። ሁለተኛው ቱፎ የሚባለው የቼኮች ሥራ፣ ከመነዳሪ የሌለው፣ ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽ የሚጨመርበት ነው፤ እርሱን አንሥተው አዩና፣ መልካም ነው፣ ግን ፈሳሹን እያደሱ መጨመር ትዕግሥት ይፈልጋል ብለው መለሱት። ሦስተኛው የጀርመኖቹ ኮንቲኔንታል ነው፤ ከመርገጫው ሥር ቬክትራን ከሚባል ጠንካራ ክር የተሠራ ንጣፍ ተነጥፎበታል። ይህን እጄ ላይ አስቀመጡ። ምርጫዬን አልጠየቁኝም።

እንዲያጣብቁልኝ ለመንሁ። እምቢ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1913 በቱር ደ ፍራንስ፣ ኧዠን ክሪስቶፍ የፊት ቸርኬውን የሚይዘው ሹካ በቱርማሌ ተራራ ላይ ሲሰበርበት ብስክሌቱን ተሸክሞ ወርዶ፣ በአንጥረኛ ቤት ብረቱን በገዛ እጁ ቀጥቅጦ ሠራ፤ ወናፉን አንድ ብላቴና ስለ ነፋለት ብቻ ግን ደቂቃዎች ተጨምረውበት ተቀጣ። «እኔ ብላቴናው አልሆንልህም» አሉ። ቀኖናዬም ይህ ሆነ፤ በአሮጌ ቸርኬ ላይ ተወጥሮ የከረመውን አዲሱን ጎማ አውርጄ፣ ቸርኬውንም የጎማውንም ሆድ በስሱ ማስቲሽ መቀባት፣ ማድረቅ፣ ደግሞ መቀባት፣ ሦስት ጊዜ፤ ከዚያ ከመንፊያው ጀምሮ አልብሶ አንድ ሌሊት ማሳደር። ስቸኩል ባዩኝ ቁጥር የቤሎኪን ስም ያነሣሉ። እርሱ እ.ኤ.አ. በ2003 በዚያው ውድድር፣ ሙቀት ባቀለጠው አስፋልት ላይ ቁልቁል ሲወርድ የኋላ ጎማው ከቸርኬው ወልቆበት ጭኑ የተሰበረው ነው። ማስቲሽ እንዲህ ያለ ገድል እንዳለው አላውቅም ነበር።

ሌሊቱን በመንደሩ አድሬ ሲነጋ በእግሬ ወደ ጊዛሎ ወጣሁ። በቤተ ጸሎቷ ግድግዳ ላይ የቀድሞ ተወዳዳሪዎቹ የእነ ኮፒና የእነ ባርታሊ ብስክሌት ተሰቅሏል፤ እ.ኤ.አ. በ1995 በቱር ደ ፍራንስ ወድቆ የሞተው የዚያው አገር ልጅ የፋቢዮ ካዛርቴሊ ብስክሌት ደግሞ እንደ ተሰባበረ አለ፤ ከሥሩ ትንሽ ቆምሁ። እኛ ለስዕለት ጃንጥላና ምንጣፍ፣ መጋረጃና ጧፍ እናስገባለን፤ እነርሱ ብስክሌት። ለጎማ ስዕለት መሳል ይገባ እንደሆነ የምጠይቀው ካህን ስላልነበረ ዝም ብዬ ተሳልሜ ወረድሁ።

ሱቁ ስደርስ ቂሜን ልወጣ ወሰንሁ። ከደጃፉ ላይ «ቦንጆርኖ፣ ሲኞር» ካልሁ በኋላ በአስተርጓሚዬ አፍ እንዴት እንዳደሩ፣ እንቅልፉ እንዴት እንደ ነበረ፣ ጉልበታቸው፣ ባለቤታቸው፣ ልጆቻቸው፣ ሚላኖ ያለው ወንድማቸው፣ የጓሮው ወይን፣ የዘንድሮው ዝናብ እንዴት እንደ ሆነ፣ ለያንዳንዱም መልስ እግዚአብሔር ይመስገን እያልሁ፣ እናቴ ብታየኝ በምትኮራበት ሥርዓት ጠየቅኋቸው። እስከ ባለቤታቸው ድረስ በደስታ መለሱ። በወንድማቸው ላይ ልጅቱን አዩአት። ዝናቡ ላይ ስደርስ ቸርኬውን አንሥተው እጄ ላይ አስቀመጡና «በል ሂድ፣ እርሱም ሊመጣ ነው» አሉኝ።

ለጎማውና ለማስቲሹ ሳንቲም ሳይቀንሱ ተቀበሉ። ለትምህርቱ ምንም አላስከፈሉኝም።

ያ ጎማ እስከ ዛሬ አልተበሳም። የፊተኛው ግን፣ ቀደም ብዬ ሰላምታ ሳልሰጥ የገዛሁት፣ ሁለት ጊዜ ተበስቷል።