ሞተሩን ተሸክሜ ልምጣ?

ከአንበሳሜ እስቴ በመኪና ለመሄድ ዋጋ ጠይቁ። ረዳቱ ሲነግራችሁ «በዚህ ብርማ እስቴን ራሷን እዚህ አምጣልኝ!» በሉት። «ናፍጣ ላግኝ እንጂ ጎትቼ አመጣታለሁ!» ይላችኋል።

አንድ አባት አይለቁትም። «አጼ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር መቅደላ ያደረሱት ያለ አንድ ጠብታ ናፍጣ ነው!»

«ልክ ነው አባባ፤ ስድስት ወር ገደማ ፈጅቶባቸዋል። ካልቸኮሉ እኔም በዚያው ሒሳብ እወስድዎታለሁ። መጎተቱ ግን የእርስዎ ነው።»

ረዳቱን መተረብ ቀላል ነው፤ ቅርብ ነዋ! ወደ ላይ እንተርብ። በ2014 ክረምት የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ አዲስ አበባ ላይ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር። በ2017 መስከረም 91 ብር ከ14 ሳንቲም ገባ፤ በዚያው ዓመት 101 ብር ከ47 ሳንቲም ሆነ። ይህ የአዲስ አበባ ዋጋ ነበር፤ እኛ ዘንድ ሲደርስ የመንገዱን ይጨምራል።

«የዓለም ዋጋ ነው» ይሉናል። በ2014 ክረምት እኮ አንድ በርሜል ድፍድፍ ከ100 ዶላር በላይ ነበር፤ ቤንዚኑ መቶ ብር ሲያልፍ በርሜሉ ወደ 80 ዶላር ገደማ ወርዷል። ዓለም ቁልቁል፣ እኛ ሽቅብ! እውነቱን ለመናገር ምክንያቱ ሁለት ነው። መንግሥት ድጎማውን እየቆራረጠ አነሳ። ሐምሌ 2016 ደግሞ ብር ለገበያ ተለቀቀና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶ ብርን ተሻገረ። እና የዓለምን ስም በከንቱ አታጥፉ።

ትርፍ ካላችሁ ትርፉን ፈረንጅ አገር ፈልጉት። የዩክሬን ጦርነት በተቀሰቀሰበት በ2022 እ.ኤ.አ. ኤክሰን ሞቢል ከ55 ቢሊዮን ዶላር በላይ፣ ሼል ደግሞ ወደ 40 ቢሊዮን ዶላር አተረፉ። የእኛ ማደያ ትርፉ በመንግሥት የተቆረጠለት ነው፤ በሊትር የምትደርሰውን ቆጥሮ እንባ ያፈሳል።

«እንዲህ ካከሰረ ማደያ የሚከፍተው ሰው ለምን በዛ?» ብዬ አንዱን የባጃጅ ሾፌር ጠየቅሁት።

«ጋሼ፣ አንተ የምታወራው የቀኑን ሒሳብ ነው» አለኝ።

ሁሉም ማደያ የሌሊት ሒሳብ አለው አልልም። ግን ጉማራ ወንዝ ዳር በሞተር ፓምፕ ሽንኩርት የሚያጠጣውን ገበሬ ስሙት። ጀሪካኑን አንጠልጥሎ ማደያ ይቀርባል።

«በጀሪካን አይቀዳም። ተሽከርካሪህን አምጣ።»

«የኔ ሞተር ውሃ ይስባል እንጂ አይሄድም። ተሸክሜው ልምጣ?»

«እንግዲያው የድጋፍ ደብዳቤ አጽፈህ ና።»

«ሽንኩርቱ ዛሬ ነው የጠማው። ደብዳቤ አንብቦ አይታገሥልኝ!»

የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሲሉ እንሰማ ነበር፤ የጉማራን ልጅ ደግሞ ወንዙ ሞልቶ ሳለ ቤንዚን አስጠማው። ምን ያድርግ? ጥግ ላይ በሃይላንድ ቀድቶ ወደሚሸጠው ጎረምሳ ይሄዳል። ዋጋው ማደያው ከሚሸጥበት በብዙ ይበልጣል።

«ማደያው የለም ያለኝን አንተ ከየት አመጣኸው?»

«የለም ያለህ ለእኔ ስለሰጠኝ ነዋ!»

በ2017 የጸደቀው የነዳጅ አዋጅ እንዲህ ያለውን ንግድ በእስርና በገንዘብ ይቀጣል። ጥሩ ነው። ግን በሃይላንድ የሚሸጠው ጎረምሳ ሲታሰር በርሜል ሙሉ ያስቀዳለት ሰው አብሮት ካልገባ ገበያው ሻጭ ለወጠ እንጂ መች ተዘጋ?

ቁጥጥሩ በስልክ ክፍያ ይጠብቃል የተባለበትንም አንርሳ። ግንቦት 2015 በመላ አገሪቱ ነዳጅ በስልክ እንጂ በጥሬ ገንዘብ እንዳይገዛ ታዘዘ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ በክልላችን በአማራ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋና አንድ ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ቆየ። ለተረበኛ ምን አስቀሩለት?

ድጎማው ሲነሳ «የታለመ ድጎማ» ተብሎ ለሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች ተለይቶ ተሰጠ። የጉማራው ፓምፕ ተሳፋሪ ስለማይጭን ዓላማው ሳተው። እሱ የሚያጠጣው ሽንኩርት የዶሮ ወጡን ድስት እንጂ ወንበር አይዝም!

የሊትሩ ዋጋ አዲስ አበባ የሚወሰን ስለሆነ የወረዳ ሹሞቻችንን በእሱ አንከስም። ጀሪካኑ ግን በእጃችሁ ነው። መስኖ ሳይጀመር ፓምፕ ያለውን ገበሬ በየቀበሌው መዝግቡት፤ ማደያው በሳምንት አንድ ቀን በጀሪካን ይቅዳለት፤ ቦቴ በገባ ቁጥርም ስንት ሊትር እንደገባና ለማን እንደተሸጠ በር ላይ ለጥፉልን።