ሥራው የአንድ ቀን ነው

ወዳጄ፣ የሳሎንዎን ዙሪያ በጂፕሰም ጌጥ ሊያስውቡ መወሰንዎን ሰማሁ። እንኳን ደስ አለዎት። ኮርኒሱ ከግድግዳው የሚገናኝበት ጠርዝ ራቁቱን መቅረቱ እኔንም ሲያሳስበኝ ነበር። አሁን የቀረዎት «ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል?» የሚለው ጭንቀት ብቻ ነው። አይጨነቁ። ቀስ ብለን አብረን እንሄዳለን።

1. መጀመሪያ ያስሉ። ሳሎንዎ 4 በ5 ሜትር ነው እንበል። ዙሪያው 18 ሜትር ይሆናል። ባለ 2 ሜትር ጌጥ ከገዙ 9 ፍሬ ይበቃል፤ ለሚሰበረው 2 ይጨምሩ። 4 ማዕዘን አለ፤ በየማዕዘኑ ሁለት፣ በጠቅላላው 8 ጊዜ በ45 ዲግሪ መቁረጥ ነው። የተበጠበጠ ጂፕሰም በደቂቃዎች ውስጥ ይጠነክራል። እጁ የለመደ ባለሙያ ከአንድ ረዳት ጋር ጠዋት ጀምሮ ማታ ይጨርሳል። ይህን ስሌት በንጹሕ ወረቀት ይገልብጡና መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጡት። ከእንግዲህ አያስፈልግዎትም።

2. ባለሙያ ይምረጡ። የሠራውን ቤት ሄደው አይዩ፤ ሰውን መጠርጠር ደግ አይደለም። የአክስትዎ ልጅ «እኔ ቤት ሠርቷል» ካለዎት ይበቃል። ጨርሶ እንደሆነ አይጠይቁት። ዘመድ አያስቀይሙ።

3. ውል አይጻፉ። ወረቀት ፍቅር ያቀዘቅዛል። ቀብዱን ግን ጠርቀም ያድርጉት። ባለሙያው በእርስዎ ቀብድ ከእርስዎ በፊት የተዋዋለውን ሰው ዕቃ ይገዛል። የእርስዎ ዕቃ ደግሞ ከእርስዎ በኋላ በሚመጣው ሰው ቀብድ ይገዛል። ሰፈር የሚያምረው እንዲህ ተደጋግፎ ነው።

4. ቀን ይቁረጡ። «ለፋሲካ ይድረስልኝ» ይበሉ። ሌሎቹም ደንበኞች ያሉት ይህንኑ ነው። ባለሙያው ማንንም ከማንም አያበላልጥም፤ ሁሉንም እኩል ያዘገያል።

5. ይዘጋጁ። «ነገ በሁለት ሰዓት» ሲልዎት ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ይውሰዱ። ሶፋውን ወደ መኝታ ቤት ያስገቡ። ቴሌቪዥኑን አንሶላ ያልብሱት። በአራት ሰዓት ይደውሉ። «ጋሼ፣ ደርሻለሁ፤ ታክሲ ውስጥ ነኝ» ይልዎታል። ከጀርባው የመሰርሰሪያ ድምፅ ከሰሙ ታክሲው እየተጠገነ ነው። በክፉ አይተርጉሙት። ለነገም ፈቃድ ይጠይቁ።

6. ትዕግሥትዎ ሲያልቅ ድንጋዩን ያስቡ። ጎሐጽዮን ግድም፣ ዓባይ በረሃ ውስጥ ያለው የጂፕሰም ድንጋይ ጥንት ከነበረ ባሕር የተረፈ ነው። ከ150 ሚሊዮን ዓመት በላይ እዚያው ተኝቷል። አንድም ቀን ስልክ ደውሎ «የት ደረሳችሁ?» አላለም። እርስዎ በሦስተኛው ሳምንት ድምፅዎን ከፍ ማድረግዎ ያስተዛዝባል።

7. ሲመጣ ደስ ይበልዎት። የሚመጣው በጸሎተ ሐሙስ ነው። ጉልባን ያቅርቡለት፤ ቡና ያፍሉለት። ከዚያ ማዕዘኑን አብረው ይለኩ። በአንዱ ግድግዳ 60 ሳንቲም፣ በሌላው 80 ሳንቲም ላይ በእርሳስ ምልክት ያድርጉ። ከምልክት እስከ ምልክት ድፍን 1 ሜትር ከመጣ ማዕዘኑ ትክክል ነው። 1 ሜትር ከ3 ሳንቲም ከመጣም አይደንግጡ፤ ግንበኛውም ለበዓል ነበር የደረሰው። የተቆረጡት ሁለት ጫፎች አፍ ለአፍ አይገጥሙም። ባለሙያው መሃሉን በጂፕሰም ይሞላዋል፤ በአውራ ጣቱም ያለሰልሰዋል። እርስዎ ከሩቅ ይዩት። እንግዳም የሚያየው ከሩቅ ነው።

8. መሰላሉን ያክብሩ። 17 ሜትሩ ተለጥፎ ከበሩ በላይ ያለው 1 ሜትር ሲቀር ባለሙያው ብርጭቆ ወረቀት ሊገዛ ይወጣል። ቀሪ ሒሳቡን አሁኑኑ ይስጡት፤ ሐሳቡ ሳይከፋፈል ይገዛል። ነገ ስቅለት ነው፤ አይጠብቁት። ከነገ ወዲያ ቅዳም ሹር ነው፤ አይጠብቁት። መሰላሉ ግን ሳሎንዎ መሃል ቆሟል። አያንሱት። መሰላሉ ካለ ሥራው አለ። እስከዚያው ልብስ ያድርቁበት።

9. በዓሉን ያክብሩ። እንግዶችዎን ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ያስቀምጧቸው። ዶሮው ቀርቦ፣ ጠላው ተቀድቶ፣ ጎረቤትዎ ቀና ብለው «ሲያምር! ስንት ቀን ፈጀባችሁ?» ማለታቸው አይቀርም። በፋሲካ አይዋሹ። ሰውዬው መሰላል ላይ የዋለበትን ብቻ ይቁጠሩ። «አንድ ቀን» ይበሏቸው። ስልኩንም ሳይሰስቱ ይስጧቸው። የቀረችው 1 ሜትር የምትገዛው በእርሳቸው ቀብድ ነው።